በብብቱ ሥር የነበረው እጅ

ባለቤቴ ሰው ሲገባ ሳይነሳ የቀረበትን ቀን አላስታውስም። ሽማግሌ ይሁን ልጅ፣ ቄስ ይሁን የኢንተርኔት ሠራተኛ፣ በሩ ከተከፈተ እሱ ብድግ ነው። «ኖር!» ይላል። የገባው ሰው የእኛ ወገን ከሆነ «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጠዋል። ካልሆነ ደግሞ ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚነሳብኝ እያለ ግራ ተጋብቶ ይቆማል። አንድ ጊዜ ፒዛ ያመጣ ጎረምሳ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አይቼ በሳቅ ሞትኩ። «አንተ ሰውዬ፣ ፒዛውን ተቀበልና ቁጭ በል፤ ጳጳስ አልመጣብህም» አልኩት። «ሰው እኮ ነው የገባው» አለኝ። ከዚህ ሌላ መልስ የለውም። አባቱ እንደዚያ አድርገው አሳድገውታል፣ አለቀ።

ይህን አስቀድሜ የማወራው ወድጄ አይደለም። የከተማው ሰዎች በኋላ የያዙብን ይህንኑ መነሳቱን ነው። ያስያዘብን ደግሞ አበልጃችን ነው።

አበልጅ ስላችሁ የሩቅ ሰው አይምሰላችሁ። የልጁ የክርስትና አባት ባለቤቴ ነው። እዚህ አገር ስንገባ ሥጋ ዘመድ የሚባል አልነበረንም፤ ዘመድ የሆንነው በዚያ ልጅ ጥምቀት ነው። ሁለቱ ኤርፖርት ላይ ታክሲ ሲነዱ ተራ እየጠበቁ እኔ ከቋጠርኩት ምሳ እቃ አብረው የበሉ ናቸው። አንዱ ሲታመም የሌላውን ሺፍት ሸፍነዋል። አበልጃችን ቀደም ብሎ ቤት ገዛ። ትይዩው ያለው ቤት ለሽያጭ ሲወጣ ደውሎ «አበልጄ፣ ነገ ዛሬ ሳትል ና! ደጃፍ ለደጃፍ እንሁን» አለው። ገዛን። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ከሚኒያፖሊስ ወጣ ካሉት ትንንሾቹ አንዷ ናት። ሣሯ እኩል የታጨደ፣ በየደጃፉ ሁሉም ሰው እንኳን ደህና መጣ የሚል ሰሌዳ የተተከለባት። ያንን ሰሌዳ ሳነብ እኔ የዋህዋ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለቤቴን ስትሮክ የመታው ከሥራ ገብቶ መኪናውን ፓርክ እንዳደረገ ነው። ከሆስፒታል ማገገሚያ ወደሆነው ሪሃብ፣ ከሪሃብ ደግሞ በዊልቸር ወደ ቤት መጣ። ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉት። አፉ ተርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አእምሮውም እንዳለ ነው። ችግሩ የቤታችን በር ነበር። መግቢያው ላይ ሦስት የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ጤነኛ ሆነን ስንወጣው ስንወርደው ደረጃ መሆኑንም ልብ አላልነው።

ቴራፒ ባለው ቀን ሁሉ አበልጃችን መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል። ጎንበስ ብሎ ባለቤቴን በደረቱ አቅፎ ደረጃውን ያወርደዋል፤ እኔ ዊልቸሩን ተሸክሜ እከተላለሁ። ሲመለሱም እንደዚያው። ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ «ውፍረትህን ቀንስ እንጂ አበልጄ፣ የዚህች ሴት ሽሮ ነው የገደለኝ» እያለ ያስቀናል። መርቄዋለሁ። በየጸሎቴ ስሙን ጠርቻለሁ። ወንድም እንዲህ አያደርግም እያልኩ ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሁሉ አውርቻለሁ። አሁን ያ ምርቃት ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ እንጃ።

እኔ የምሠራው ኩን ራፒድስ፣ ነርሲንግ ሆም በሚባል የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳነሳ፣ ሳጥብ፣ ሳገላብጥ የምውል ሴት ነኝ። እዚያ ግን ማንሻ ማሽን አለ፣ ሁለተኛ ሰው አለ። ቤቴ ውስጥ ገና ተማሪ ከሆነች ልጄ በቀር እኔና ወገቤ ብቻ ነን። ባለቤቴ ጤነኛ እያለ አንድ ቀን ሊወስደኝ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። በየክፍሉ በር ላይ በዊልቸር የተቀመጡ አዛውንቶች ተደርድረው አያቸው። ወደ ቤት ስንሄድ «እኔን እዚህ እንዳታመጪኝ» አለኝ። «ምን ቁርጥ አርጎኝ!» አልኩት። ቃል ማለት ይህ ነው። ሌላ መሐላ አላስፈለገንም።

ከስትሮኩ በኋላ ጉዳዩን እንድትከታተል ሆስፒታሉ የመደባት ሶሻል ወርከር ቤታችን መጥታ ደረጃውን አየችና ፊቷ ተለወጠ። እሳት ቢነሳ ማን ያወጣዋል? ጎረቤቱ የሌለ ቀንስ? በረዶው ሲጋገርስ? ራምፕ፣ ማለትም ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መወጣጫ፣ በረዶው ሳይወርድ መሠራት አለበት፤ ካልሆነ ነርሲንግ ሆም እንፈልግለት አለች። ቀስ ብላ፣ በርኅራኄ ነው የተናገረችው። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ።

እኔ ራምፕ ማለት እንጨት ቆርጦ መቸንከር መስሎኝ ነበር። ለካስ ወደ ከተማው መሥሪያ ቤት መሄድ አለ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፎቶውን አየችና ከቤት ፊት ለፊት እስከ እግረኛው መንገድ ባለው ቦታ ላይ ምንም ነገር እንዲሠራ ደንቡ አይፈቅድም አለችኝ። ራምፕ ደግሞ ቀስ ብሎ መውጣት ስላለበት ረጅም ነው፤ ወደ መንገዱ ሳይጠጋ አይሠራም። በጓሮስ? ጓሯችን ገደል ነው፤ ፍየልም በዚያ አይወጣ። «እንግዲያው ከደንቡ ውጪ እንዲፈቀድላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ» አለች። «ሰው ይመጣና ቤቱን ያያል፤ ጎረቤቶች ይጠየቃሉ፤ ከዚያ ስብሰባ ላይ ይወሰናል።»

ጎረቤት ይጠየቃል ስትለኝ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? እሰይ አልኩ! እውነቴን ነው። ጎረቤት እኮ አበልጃችን ነው። ፊት ለፊታችን ያለው፣ ራምፑ በመስኮቱ የሚታየው እሱ ብቻ ነው። ከእሱ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ነገርኩት። «አይዞሽ አበልጄ፣ ይሄ አለቀ በይው» አለኝ።

ቤቱን የሚያየው ኢንስፔክተር የመጣው የቴራፒ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ገና ከመመለሳቸው ነበር። ባለቤቴን ከዊልቸሩ አውጥተን ሳሎን ሶፋው ላይ አስቀምጠነዋል። አበልጃችን ላቡን እየጠረገ ከጎኑ ቆሟል። ደወሉ ተደወለ፣ ከፈትኩ። ረጅም፣ ትሁት ሰው ነው፤ በረንዳው ላይ ጫማውን እንኳ አራግፏል።

ባለቤቴ ሊነሳ ተንቀሳቀሰ። አይቼው «ተው!» አልኩት በዓይኔ። የት ሊሰማኝ! ጤነኛ እጁን ሶፋው ላይ ተጭኖ አንዴ ሞከረ፣ መለስ አለ። አበልጃችን ፈጠን ብሎ ከኋላው እጁን በብብቱ ሥር አስገባለት። ሌላውን እጁን በወገቡ ዙሪያ አደረገ። ከዚያ አነሳው። ክብደቱን በሙሉ፣ እንደ ጤፍ ጆንያ፣ አነሳው። የአንገቱ ሥር ሲገተር አይቻለሁ። ባለቤቴ ቆመ። ፊቱ ገረጣ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ቆመ። «ኖር!» አለ። ከፊት ለሚያይ ሰው ሁለት ወዳጆች ተቃቅፈው እንግዳ የሚቀበሉ ይመስላሉ።

ኢንስፔክተሩ ፈገግ ብሎ ጨበጠው። ባለቤቴን መልሶ ያስቀመጠው ያው እጅ ነው። ሰውየው ደረጃውን ለካ፣ ጓሮውን አየ፣ አመሰገነን፣ ሄደ። እኔ ባለቤቴን ተቆጣሁት። «ሰውየው መነሳት የማትችል መሆንህን ሊያይ እኮ ነው የመጣው! ምን ሆነህ ነው?»

«ሰው ቤቴ ሲገባ ተዘርፍጬ ልቀበለው?» አለኝ።

አበልጃችን ሳቀ። «ተዪው፤ ይሄ ሰው ሞቶም ለቀባሪዎቹ ይነሳል» አለ። ሦስታችንም ሳቅን።

የስብሰባው ቀን በራሱ ቫን የወሰደን እሱ ነው። ሱፍ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ መጣ። ክራባቱን ሳይ ለእኛ ብሎ ነው ብዬ አንጀቴን በላው። ባለቤቴን አቅፎ አወረደው፣ ቫኑ ውስጥ አስገባው፣ ቀበቶውን አሰረለት። ሃይስኩል ተማሪ የሆነችው ልጄም አብራን ሄደች፤ እንግሊዝኛው ከከበደን ብለን ነው። አዳራሹ ውስጥ አምስት ስድስት ሰዎች ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ ተደርድረዋል። የእኛ ጉዳይ ከአንድ አጥርና ከአንድ ጋራዥ ጉዳይ ቀጥሎ ነበር። አጥሩ ተፈቀደ። ጋራዡም ተፈቀደ። እኔ ልቤ ተረጋጋ።

ኢንስፔክተሩ የለካውን ተናገረ። ከዚያ ሰብሳቢዋ ስለ ባለቤቴ ሁኔታ ጠየቀችው። ሐኪም እንዳልሆነ ተናገረና፣ «ቤታቸው ስገባ ግን ከሶፋው ተነስቶ ጨብጦኛል» አለ። ሰዎቹ ቀና ቀና አሉ። «በራሱ ነው የተነሳው?» አለች ሰብሳቢዋ። «ወዳጁ አጠገቡ ነበር፤ ይደግፈው አይደግፈው ግን እርግጠኛ አይደለሁም» አለ። ሐቀኛ ሰው ነው፤ በእሱ አልፈርድም።

ያ ወዳጅ እዚህ አለ ወይ ተባለ። አበልጃችን ተነሳ። ጃኬቱን ቆለፈ። እፎይ አልኩ። አሁን ይነግርልናል፣ አበቃ፣ ሰርግና ምላሽ ነው አልኩ በሆዴ።

«ይህን ቤተሰብ እንደ ራሴ ቤተሰብ ነው የምወደው» ብሎ ጀመረ። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፤ ከእኛ ሁሉ ይሻላል። «ወዳጄ ብርቱ ሰው ነው። በጸሎትም በቴራፒም በየቀኑ እየተሻለው ነው። እንደኔ እንደኔ ቋሚ ነገር ደጃፉ ላይ ተሠርቶ በሽተኛ ነህ እያለ ከሚያስታውሰው ትንሽ ጊዜ ብንሰጠው ይሻላል። ደግሞ የሠፈሩን መልክም ማሰብ አለብን።»

የሠፈሩን መልክ! ጆሮዬን አላመንኩትም። የጆሮዬ ነገር ነው ብዬ ልጄን አየኋት። ዓይኗ ፈጦ ቀርቷል።

ሰብሳቢዋ «ያን ቀን ሲነሳ ደግፈኸው ነበር?» አለችው።

«አጠገቡ ነበርኩ» አለ።

«ደግፈኸው ነበር ወይ?»

ወደ እኛ አልዞረም። «ራሱ ነው የተነሳው» አለ።

ልጄ በእንግሊዝኛ «ይዞት ነበር እኮ! ማሚ፣ ይዞት ነበር!» አለችኝ፣ እንባዋ መጥቶ። እኔም ልነሳ ነው፣ ደሜ ፈልቷል፣ እንግሊዝኛዬ ይሰበር አይሰበር ግድ የለኝም። ባለቤቴ በጤነኛ እጁ ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘኝ። «ተቀመጪ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አበልጅ ነው። ሰው ፊት አናዋርደውም።»

«እሱ እያዋረደን!» አልኩ።

«እሱ ያዋርደን። እኛ አናዋርደውም።»

እንግዲህ ምን ይባላል? ከዚያ ሰብሳቢዋ ወደ ባለቤቴ ዞረች። ድምፅዋን አለሳልሳ፣ እንደ ልጅ፣ እንዴት ነህ፣ እየተሻለህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። እኛ ደግሞ እንዴት ነህ ሲባል የሚመለሰው አንድ ነገር ነው። አልጋ ላይ ያለ፣ ነፍሱ ልትወጣ የደረሰች ሰው እንኳ የሚመልሰው እሱኑ ነው። ባለቤቴ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ» አላት በእንግሊዝኛ። እሷም ጻፈችው። እዚያው ቁጭ ብዬ ቤቴ ሲዘጋብኝ አየሁ። አልተፈቀደም አሉን። ሌላ አማራጭ ተመልከቱ፣ ጓሮውን አስቡበት፣ አሉን። ልብ በሉ፣ ለአጥርና ለጋራዥ ፈቅደው ለሰው ከለከሉ።

የባሰው ገና አልመጣም። የመጣነው በማን መኪና ነው? በእሱ። ዊልቸሩ የሚጫነው የት ነው? ቫኑ ውስጥ። እኔ እግሬ ይቆረጥ እንጂ አልገባም ብዬ በር ላይ ቆምኩ። ባለቤቴ ደከመው፤ ጭንቅላቱ ዘንበል አለ። ገባሁ። ምን ላድርግ? ደጃችን ስንደርስ ያ ሰው ወረደ፣ ጃኬቱን አውልቆ መሪው ላይ ሰቀለ፣ ጎንበስ ብሎ ባለቤቴን አቀፈና ሦስቱን ደረጃ አወጣው። ራሱ ይነሳል ያለውን ሰው! ሶፋው ላይ ሲያስቀምጠው ምን እንዳለው ታውቃላችሁ? «አይዞህ አበልጄ» አለው። ድንቄም አይዞህ! ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚሉት ለካ በቀልድ አልነበረም።

በሳምንቱ በእሱ ቤት ደጃፍ ላይ የሽያጭ ሰሌዳ ተተከለ። አፕል ቫሊ በሚባል ሌላ ከተማ ትልቅ ቤት አይቶ ኖሯል። መጋረጃዬን ገልጬ ሰሌዳውን ሳይ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። ገዢ ሲመጣ በመስኮቱ አሻግሮ ዊልቸርና ራምፕ እንዳያይ ነው። ለዚያ ነው። ባለቤቴን ጠርቼ ላሳየው ፈለግሁና ተውኩት። ከሶፋው ላይ ሆኖ እሱም እያየው ነበር።

ከዚያ በኋላ በሬን ዘጋሁበት። ቴራፒ ቀን መጥቶ አንኳኳ፤ አልከፈትኩም። «ሰው እንፈልጋለን» ብዬ ተኮፈስኩ። የሚገኘው ሰው ግን አንድ ቀን ይመጣል፣ ሌላ ቀን ሥራ አለብኝ ይላል። በረዶው ወረደ። ደረጃው መስታወት ሆነ። ባለቤቴ ቴራፒውን አቆመ፤ ከቤት መውጣትም አቆመ። ቤተ ክርስቲያን በስልክ ሆነ። ሶሻል ወርከሯ ደውላ አንድ ቦታ ክፍል እየተለቀቀ ነው፣ ላስመዝግበው ወይ አለችኝ። ትንሽ ጠብቂኝ አልኳት። ባለቤቴ የቱ ቦታ ነው አላለኝም። ያው ኮሪደር እንደሆነ ያውቀዋል።

የሥራ ባልደረባዬ ናት ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ነፃ የሕግ እርዳታ የሚሰጡ አሉ ያለችኝ። ሄድኩ። ከአንድ የስልክ መጠገኛ ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ቢሮ ናት፤ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ጠበቃዋ ወጣት ሴት ናት። ሁሉንም ነገርኳት፤ እያለቀስኩም እየተሳደብኩም ነገርኳት። ስጨርስ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ጎረቤቶቹን ጠየቁ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ለምን?»

እኔ ምን አውቃለሁ? እናንተ ናችሁ እንጂ የምታውቁት አልኳት። ያኔ አስረዳችኝ። አካል ጉዳተኛ ሰው በቤቱ ውስጥ እንደማንኛውም ሰው መኖር እንዲችል ከተማው ደንቡን ማላላት ካለበት ያላላል። ከባድ ጉዳት ወይም ከባድ ወጪ የሚያመጣበት ካልሆነ በስተቀር ግዴታው ነው፣ ችሮታ አይደለም። የሚያስፈልገው የሐኪም ቃል ነው። ጎረቤት ወደደ ጠላ፣ የሠፈሩ መልክ ምን ሆነ፣ እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። «ባለቤትሽ ለሰላምታ መነሳቱም እንደዚያው» አለችኝ። «አንድ ጊዜ መቆም ማለት ደረጃ መውጣት አይደለም።» አቤቱታውን እጽፋለሁ፣ ግን ጊዜ ይወስዳል አለች። ጊዜ! ያ ክፍል እኮ እየተለቀቀ ነው።

በዚህ መሃል አበልጃችን ሽማግሌ ላከ። ጾሙ ሊገባ ነው፤ ተቀያይሞ መቁረብ የለ። ቄሳችንና ሁለት የሰበካ ሽማግሌዎች ያንን በረዶ የጋገረ ደረጃ ተደጋግፈው ወጡ። እሱ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ገባ። ሱፍ አልለበሰም ዛሬስ።

ባለቤቴ ሶፋው ላይ ነው። ሲገቡ ጤነኛ እጁ ተንቀሳቀሰ፣ ግን ማንም ከኋላው የለም። «አባታችን፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አልተነሳሁም» አለ። ቄሱ «ኧረ በስማም! ተቀመጥ ልጄ» አሉ። ተቀመጡ፣ ጸሎት ተደረገ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ጀመሩ። ሰይጣን መሃል ገብቶ ነው፣ ሆድ ይፍጀው በሉት፣ አበልጅ እግዜር ያሰረው ነው፣ ይቅር ተባባሉ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ጥርሴን ነክሻለሁ።

ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ከዚያ፣ «አበልጄ» አለው፣ «ና እስቲ ያዘኝ። መስቀል ቆሜ ልሳለም።»

ቄሱ አያስፈልግም አሉ። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። አበልጃችን ተነስቶ ሄደ። እንደዚያን ቀን ከኋላው ሆኖ እጁን በብብቱ ሥር አስገባ፣ ወገቡን ያዘ፣ አነሳው። ወራት ሙሉ ስለተቀመጠ ባለቤቴ ከብዷል፤ ግራ እግሩ ምንጣፉ ላይ ተጎተተ። አበልጃችን አቃሰተ። ቄሱ ቶሎ ብለው መስቀሉን ወደ አፉ አቀረቡለት። ተሳለመ።

«አሁን ልቀቀኝ» አለው ባለቤቴ።

«እ?»

«ልቀቀኝ። እጅህን አውጣ።»

«ትወድቃለህ እኮ አበልጄ» አለ።

«ልቀቀኝ እንጂ።»

«ትወድቃለህ! እንዴት ብዬ ነው የምለቅህ? ትወድቃለህ!» ድምፁ ተሰበረ። ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ በጉንጩ ይወርዳል፤ እንባም ይሁን ላብ አልለየሁትም።

«ይቺን ነበር እኮ» አለ ባለቤቴ። «ይቺን አንዲት ቃል ነበር ለሰዎቹ እንድትነግርልኝ የፈለግሁት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ አበልጃችንን አዩትና፣ «ልጄ፣ ሄደህ ይህንኑ ትነግርላቸዋለህ?» አሉት። እኔ በእናቴ፣ ያኔ እሺ ቢል ኖሮ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። ሁሉንም እረሳው ነበር።

ባለቤቴን እንዳቀፈ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ «አባታችን» አለ። «ገዢ አግኝቻለሁ። እስኪፈርሙ ድረስ ብቻ ታገሱኝ።»

ባለቤቴ ዓይኑን ጨፈነ። «አስቀምጠኝ» አለው። አስቀመጠው። ከዚያ ይቅር ለእግዚአብሔር አለው፤ ባለቤቴ እንደዚያ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። የቧንቧውን ውሃ ከፍቼ እስኪሄዱ ድረስ ያልቆሸሸ ሳህን አጠብኩ።

ጠበቃዋ የደወለችልኝ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው። ተፈቀደ አለችኝ። ሌላ ስብሰባ የለም፣ ሌላ ምስክር የለም፤ አንድ ኃላፊ የሐኪሙን ቃል አይቶ ቢሮው ቁጭ ብሎ ፈርሞታል። ከመጀመሪያውም እንደዚያ ማድረግ ይችሉ ነበር ወይ አልኳት። «አዎ» አለች። «ከመጀመሪያውም።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው እንዳልል የደስታ አልነበረም። ማንም ጎረቤት ሳይጠየቅ፣ ማንም ሳይማል፣ ባለቤቴ ወንድሙን ሳያጣ ያልቅ የነበረ ነገር ነው። ለከተማው የአንድ ቀን ስብሰባ ነች። ይቅርታም አላሉን።

ሶሻል ወርከሯን ክፍሉን ለሌላ ስጪው አልኳት። ራምፑን የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ሠሩት። አበልጃችን በዚያው ሰሞን ዕቃውን ጭኖ አፕል ቫሊ ገባ። ሲሄድ ቫኑን አቁሞ ወደ ቤታችን ሲያይ በመጋረጃው አየሁት። አልወረደም።

ራምፑ ሲያልቅ በደንቡ መሠረት ተሠርቷል ወይ ብሎ የሚያይ ሰው ይመጣል ተባለ። የመጣው ያው ረጅሙ ኢንስፔክተር ነው። መኪናውን ፓርክ ሲያደርግ በመስኮት አየሁት። ባለቤቴ በዊልቸሩ ሳሎን መሃል ነበር። የእግር ኮቴው በአዲሱ እንጨት ላይ እየቀረበ ሲመጣ ወደ እኔ ዞረ።

«ብነሳ ይጎዳናል?» አለኝ።

ምን ልበለው? ተፈቅዷል፣ አይጎዳንም ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን እምቢ አለኝ፤ ሰው ፈርቻለሁ። «ተቀመጥ» አልኩት።

በሩን ከፈትኩ። ኢንስፔክተሩ ጫማውን አራግፎ ገባ፣ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። ባለቤቴ ተቀምጦ ጨበጠው። «ኖር» አላለም። ጤነኛ እግሩ ግን ከዊልቸሩ ማሳረፊያ ወርዶ፣ ሰውየው እስኪወጣ ድረስ፣ ወለሉን እንደረገጠ ነበር።